ጎረቤቴን የገመትኩበት ሚያዝያ

እኔ ነገር በሆዴ አያድርም። እናቴ «ይቺን ልጅ አፏ ያጠፋታል» ትል ነበር። እኔን አላጠፋኝም፤ ያጠፋው ጎረቤቴን ነው። ይህን ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አሁንም ደስ ብሎኝ አይደለም የምጽፈው።

ጂንካ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሁለት ዓመት ሠርቼ ዝውውር እሞላለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ይኸው ባል አግብቼ፣ ሁለት ልጆች ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ እዚያው ነኝ። ባሌ የሞተ ጊዜ ድንኳኑን የተከለው ይኸው የምነግራችሁ ጎረቤቴ ነው። ሦስት ቀን ሱቁን ዘግቶ ለቀስተኛውን እንደ ወንድም ተቀብሎልኛል። እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ እኔ ስጾም ሚስቱ የምትሠራውን ወጥ ሽታ በግድግዳው በኩል እየላከችብኝ ታስቀናኝ ነበር። ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው።

ሰውየው ከጋሞ ደጋ ነው የመጣው። መጀመሪያ ጋቢ በትከሻው ተሸክሞ አልዱባና ካኮ ገበያ በእግሩ እየዞረ ይሸጥ ነበር። ቀስ በቀስ ገንዘብ አጠራቀመና ወደ አሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ሳሙና፣ ስኳር፣ ባትሪ፣ ብስኩት፣ ለገጠር ገበያተኛ ደግሞ ጨውና ምላጭ። ከሱ ጋር በግብር ያልተጨቃጨቅንበት ሳምንት አልነበረም።

ጭቅጭቁ የሚጀምረው ከኔ ነው። ወር በገባ ቁጥር ፔሮል ላይ ፈርሜ ስመለስ እየተነጫነጭኩ ነበር የምመለሰው። የደሞዝተኛ ግብር እኮ ብሩ እጅ ሳይገባ ነው የሚቆረጠው። ግብሩ ይሄዳል፣ ጡረታው ይሄዳል፣ ላልጠየቅኩት ነገር መዋጮ ይሄዳል፤ የቀረውን ቁጥር አይቼ እፈርማለሁ። አልከፍልም ብትል የት ትደርሳለህ? ነጋዴው ግን የሸጠውን ራሱ ይናገራል፤ የተናገረውንም ቀንሶ ነው። አስተማሪዎች ማረፊያ ውስጥ ይህን ስናነሳ ከሁሉ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። አንድ የሒሳብ አስተማሪ ብቻ ይቃወመኝ ነበር። ትልቁ ነጋዴ የሒሳብ ባለሙያ ቀጥሮ መዝገብ ያሠራል፣ በዓይን የሚገመተው ትንሹ ነው፣ ጩኸትሽ የሚያርፈው ትንሹ ላይ ነው ይለኛል። ዘመድህ ሱቅ አለው እንዴ ብዬ ሰው አሳቅኩበት።

ይህንኑ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ለጎረቤቴ እደግመዋለሁ። እሱ ስኳሬን እየመዘነ በዝግታ ይመልሳል። ዝናብ ቢዘንብ ያንቺ ደሞዝ ይመጣል፤ እኔ ጋ ዝናብ ከዘነበ ገበያተኛው ከአሪም ከበናም አይወርድም፣ ግብሩ ግን ይመጣል ይላል። ልጅ ሲታመም ሱቄን ዘግቼ ሐኪም ቤት ብውል ማን የዓመት ፈቃድ ይሰጠኛል ይላል። እኔ አልሸነፍም። ስለዚህ ነው በየዓመቱ ሱቅህ የሚሞላው፣ የኔ መደርደሪያ መቼ ሞልቶ ያውቃል እለዋለሁ። ይስቅና ስኳሬን ይቋጥርልኛል። ያን ሳቁን የሞኝ ሳቅ አድርጌ ነበር የማየው፤ ሞኟስ እኔ ነበርኩ።

የቀን ገቢ ግምት የሚባለው አገሩን ባመሰበት ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። መዝገብ የማይዙ ትንንሽ ነጋዴዎች በቀን ስንት እንደሚሸጡ ኮሚቴ እየዞረ ይገምታል፣ ግብራቸው ከዚያ ይሰላል ተባለ። ነጋዴው አጉረመረመ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ እጄን አወጣሁ። ለዓመታት ማረፊያውና ባንኮኒው ላይ ስጮኸው የኖርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። እኛ ሳንቲም ሳንደብቅ እንከፍላለን፣ ትምህርት ቤቱም መንገዱም በኛ ደሞዝ ነው የሚሠራው፣ ሌላውም ይሸከም አልኩ። ደሞዝተኛው አጨበጨበ። ከሕዝብ ወገን አንድ ተወካይ ሲፈለግ ማን እንደተጠቆመ መናገር አያስፈልግም። እሰይ አልኩ።

ገማቾቹ ሦስት ነበርን። አንዱ ከግብር መሥሪያ ቤቱ የተላከ ፋይል ያዥ፣ አንዷ እኔ፣ ሦስተኛው ደግሞ የነጋዴው ተወካይ የተባለ ጅምላ ነጋዴ። ይህ ሰው በኛ ሰፈር ላሉ ሱቆች ከግማሽ ለሚበልጡት በዱቤ ዕቃ የሚሰጥ ነው። እሱ ራሱ መዝገብ ስለሚይዝ ግምቱ አይመለከተውም። ያን ጊዜ ይህ ነገር አላስገረመኝም፤ ንግድ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ብዬ አለፍኩት።

አገማመታችን ቀላል ነበር። በር ላይ ቆመን መደርደሪያውን እናያለን። ባለሱቁን በቀን ስንት ትሸጣለህ እንለዋለን። ትንሽ ቁጥር ይናገራል፤ እንስቅበታለን። ከዚያ ያየነውን ያህል እንጨምርበታለን። መዝገብ የለ፣ ደረሰኝ የለ፤ ዓይን ብቻ። መደርደሪያው የሳሳ ትንሽ ይጻፍለታል፣ የሞላ ብዙ ይጻፍበታል። ገብቶ ዕቃ ያነሳ፣ ካርቶን የከፈተ አልነበረም። ሰዓትም አልነበረንም፤ ቀን ሳይመሽ መጨረስ ያለብን የሱቅ ዝርዝር ተሰጥቶናል።

ጎረቤቴ ጋ የደረስነው ሲዘንብ ውሎ ባባራበት ከሰዓት ላይ ነው። ጭቃው ጫማችንን እየነጠቀን ገባን። እሱ ባንኮኒው ኋላ ቆሟል፣ ሚስቱ ጓዳው በር ላይ። መደርደሪያው እስከ ጣሪያው ሙሉ ነው። ካርቶን በካርቶን ላይ፣ ሳሙናው፣ ብስኩቱ፣ መኮሮኒው፣ ሻማው። ፋይል ያዡ ጠየቀው፤ እሱም ቁጥሩን ተናገረ። ፋይል ያዡ ወደ ጅምላ ነጋዴው ዞረ። ጅምላ ነጋዴው መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየና ፈገግ ብሎ ወደኔ ዞረ።

«ጎረቤትሽ ነው አሉ» አለኝ። «አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አንቺው ተናገሪ።»

ፊቴ ጋለ። ቀኑን ሙሉ የማላውቀው ሰው ላይ ስጨምር ውዬ ለጎረቤቷ አዳላች ልባል ነው። አዳራሹ፣ ጭብጨባው፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ መጡ። ሐቀኛ ነኝ ብሎ መናገር ቀላል ነው፣ እስቲ አሳዪ ያሉኝ መሰለኝ። በመንገዱ ሁሉ ከዚህ የሞላ ሱቅ አላየንም አልኩ። ከዚያም ከመስመሩ ባለሱቆች ሁሉ የሚበልጥ ቁጥር ጠራሁ። እኔ ነኝ የጠራሁት፣ ማንም አላስገደደኝም። ጎረቤቴ አፉን ከፈተ። ጅምላ ነጋዴውን አየ። አፉን መልሶ ዘጋ። «እሺ» አለ፣ በቃ። ዝምታውን ጥፋተኛ ሰው የተያዘበት ዝምታ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ፈረምኩ። ያን ማታ በራሴ ኮርቼ ነው የተኛሁት፤ እግዜር ያሳያችሁ።

ሰኔ ላይ የግምቱ ወረቀት ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሰው በካፊያ ቆሞ ስሙን ይፈልጋል። ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ቁጥሯን አይታ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ሰዎች አዩኝና መንገድ ለቀቁልኝ፤ ከአክብሮት አልነበረም። ጎረቤቴ ግን እንደ ወትሮው ነበር። ጠዋት ሰላም ይለኛል፣ ሚስቱም ሰላም ትለኛለች፤ በግድግዳው በኩል ይሰማ የነበረው ጨዋታቸው ብቻ ጠፋ።

በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ጅምላ ነጋዴው መጣበት። ድምፁን በግድግዳው በኩል ሰማሁት፤ አልጮኸም፣ እያባበለ ነበር የሚናገረው። ዱቤው ከረመ። እስከ ዛሬ ገበያው ቀዘቀዘ ስትለኝ አምኜህ ነበር። አሁን ግን በቀን ይህን ያህል እንደምትሸጥ በመንግሥት ወረቀት ተጽፏል፣ እኔም ቆሜ አይቻለሁ፣ ታዲያ የኔን ለምን አትከፍልም ይለዋል። እኔ የጠራሁት ቁጥር ዕዳ መጠየቂያ ሆኖ ተመለሰ። ወጥ እያማሰልኩ ነበር፤ ማማሰያው እጄ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ሚስቱ ጠራችኝ። እሱ አልነበረም። ባንኮኒው የሚከፈትበትን ክዳን አንስታ ግቢ አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ከዚያ ሱቅ ስኳር ስገዛ ከባንኮኒው ኋላ ገብቼ አላውቅም። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን የሳሙና ካርቶን ግፊው አለችኝ። በጣቴ ገፋሁት፤ ተንሸራቶ ግድግዳውን መታ። አጠገቡ ያለውን ገፋሁት፣ እሱም ሄደ። መኮሮኒውም፣ ብስኩቱም። አፋቸው ተለጥፎ የተደረደረ ባዶ ካርቶን ነው ሁሉም። ዕቃ የነበረው እጅ የሚደርስበት አንድ መስመር ላይ ብቻ ነበር።

እሷ ነገረችኝ። ቅዳሜ ገበያ የሚወርደው ገጠሬ ከበር ቆሞ ነው የሚያየው፤ መደርደሪያው ከሳሳ ሱቁ ሞቷል፣ ያለውም ዕቃ ያረጀ ነው ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጅምላ ነጋዴም ለሳሳ መደርደሪያ ዱቤ አይሰጥም። ስለዚህ ትንንሹ ሱቅ ሁሉ ካርቶኑን አይጥልም፣ ለጥፎ መልሶ ይደረድረዋል። ይህን የማያውቅ ባለሱቅ የለም፤ ጅምላ ነጋዴው እንኳ ይጠረጥር ይሆናል እንጂ ስንቱ ባዶ እንደሆነ አያውቅም። የማናውቀው ከባንኮኒው ወዲህ ቆመን የምንገዛው ነን። ለምን ያን ቀን አልተናገረም አልኳት፤ ጥያቄው ራሱ አሳፈረኝ። ጅምላ ነጋዴው አጠገብሽ ቆሞ እንዴት ይናገር አለችኝ። ካርቶኑ ባዶ ነው ቢል ሰውየው የቀረችውን ዕቃ በዚያው ቀን ይጭናት ነበር።

ጎረቤቴን ያን ቀን ማታ ላይ ቤቱ ሄጄ አገኘሁት። ቅሬታ ሰሚ ጋ ሄጄ ተሳስቻለሁ እላለሁ፣ ግምቱን አስቀንሳለሁ አልኩት። ተነስቶ ለመነኝ። አትሂጂ አለ። ነገሩን አስቦበታል፤ ነሐሴ ላይ ዕቁቡ ይወጣለታል፣ በዚያ ግብሩን ይከፍላል፣ ከዱቤውም ያቃልላል። እስከዚያ ጅምላ ነጋዴው እንዲታገሰው ለምኖታል፣ ሰውየውም የሞላውን መደርደሪያ አይቶ እሺ ብሏል። «ቲቸር፣ ምንም እንዳታደርጊልኝ» አለኝ። «ዝም ብቻ በዪልኝ።»

ዝም ብቻ በዪልኝ። ከኔ የጠየቀው ይህን ብቻ ነበር፣ ለስድስት ሳምንት። አንድ ሳምንት ቻልኩ። ከዚያ ግን በየሌሊቱ ያ ጣቴ የገፋው ካርቶን ግድግዳውን ሲመታ እየሰማሁ እንቅልፍ አጣሁ። እሱ ፈሪ ሆኖ ነው፣ እውነት ሲነገር ሰው ይረዳል አልኩ። ለሱ ብዬ ይሁን ለራሴ ኅሊና ብዬ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እንደሚመስለኝ ግን ለራሴ ነው።

ቅሬታ ሰሚው ክፍል ጠባብ ነበር፣ ኮሪደሩ በነጋዴ ታጭቋል፣ በሩ አይዘጋም። ተራዬ ደርሶ ስገባ መጀመሪያ ፊርማዬን አሳዩኝ። አንቺው ፈርመሽ አንቺው ቅሬታ ታቀርቢያለሽ ወይ አሉኝ። ደሜ ፈላ። በኮሪደሩ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ተናገርኩ። ካርቶኑ ባዶ ነው፣ በእጄ ገፍቼ አይቻለሁ፣ ያ ሱቅ ውስጥ ከአንድ መስመር በቀር ዕቃ የለም፣ የገመትነው ወረቀት ነው አልኩ። ጸሐፊው ጻፈ። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደኔ ዞሮ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጅምላ ነጋዴው ሁለት ተሸካሚና አንድ ጋሪ ይዞ መጣ። ማን እንደነገረው አልጠየቅኩም፤ ማን ያልነገረው አለ? አልተሳደበም፣ ሰው አልመታም። ጎረቤቴ የፈረመለትን የዱቤ ወረቀት ይዟል፣ መብቱ ነው። እጅ የሚደርስበትን ያን አንድ መስመር ዕቃ ጭኖ ሄደ። ባዶዎቹን ካርቶኖች ተሸካሚዎቹ እያነሱ መሬት ይጥሏቸው ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ቆሞ ያያል። ጎረቤቴ ባንኮኒው ኋላ እንደቆመ ቀረ። እኔ ጋሪውን ልይዝ ሄጄ ነበር፤ ሚስቱ ክንዴን ይዛ መለሰችኝ። ይበቃል አለች።

ዕቁቡም ቢሆን ነሐሴ ላይ አልተሰጠውም። ዕቁብ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል፤ የሱ ዋስ ሊሆን ቃል የገባው ያው ጅምላ ነጋዴ ነበር። እኔ ደሞዝተኛ ነኝ ዋስ ልሁን ብዬ ሄድኩ። የዕቁቡ ዳኛ በትሕትና አሰናበተኝ፤ አባላቱ አንቺን አይቀበሉም አለኝ። ያዋጣውን ገንዘብ ዙሩ ሲያልቅ ይወስዳል ተባለ። ሱቁ ተዘጋ። ንግድ ፈቃዱን ለመመለስ የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ክሊራንስ አምጣ አሉት፤ ክሊራንሱን ለማግኘት ደግሞ ግብሩን መክፈል ነበረበት። ከጋቢ ነጋዴነቱ ዘመን ያስቀመጣቸው ጋቢዎች ነበሩ፣ ለልጆቹ ሠርግ የሚላቸው። እነሱን ሸጠ። ከከፈለ በኋላ የቅሬታው መልስ መጣ። ግምቱ ተቀንሷል ይላል። ወረቀቱን ለሱ ለመስጠት ድፍረቱን አጥቼ ለሚስቱ ሰጠኋት፤ አንብባ አጠፈችው።

እውነቱን ልናገር፣ ዛሬም ደሞዝተኛው ከአቅሙ በላይ ይከፍላል እላለሁ። ያን አልተውኩትም። ግን ሸክሙ ይከፋፈል ብዬ ስጮህ ለማን ይጫን እንደምል አላሰብኩም ነበር። ከኔ ወገብ አውርዶ ከኔ በባሰ ወገብ ላይ የጫነ እጅ የኔው ነው። ብዙ ያለው ሰው ደግሞ አጠገቤ ቆሞ፣ ሳይገመት፣ እየገመተ ነበር። ይህን ለሒሳብ አስተማሪው ብነግረው ነግሬሽ ነበር እንደሚለኝ ስለማውቅ አልነገርኩትም።

መስከረም ላይ ጎረቤቴ ቱርሚ ሥራ አገኘ። ሥራ ማለት ከጭነት መኪና ጆንያ ማውረድና መጫን ነው፣ በዚያ ዕድሜው። ሚስቱና ልጆቹ እዚሁ ይቆያሉ፣ እሱ ብር ይልካል ተባለ። የሚሄድበትን ጠዋት ሰምቼ ክፍል ሳልገባ መናኸሪያው ጋ ሄድኩ። አይሱዙው በእህል ተጭኖ ቆሟል፣ እሱ ከላይ ጆንያው ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ወረደ። እንደ ወጉ ጨበጠኝ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው ወይ አለኝ። ይቅር በለኝ አልኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ድምፄ ቀጥኖ አያውቅም። ጌታ ሁላችንንም ይቅር ይበለን አለ፣ ቂምም አላየሁበትም። ቂም ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ጎረቤቴ ወደ መኪናው ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ።

«ቲቸር፣ ያን ቀን ሦስታችሁ በጭቃው ስትመጡ በጣም ፈርቼ ነበር» አለኝ። «ሰውየውን ሳይ አለቀልኝ አልኩ። ከኋላ አንቺን ሳይ ግን ተነፈስኩ። ለሚስቴ፣ አይዞሽ፣ የኛ ሰው አብራቸው አለች አልኳት።»

ወጥቶ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። መኪናው ሄደ። ሚስቱ አጠገቤ ነበረች፣ መንገዱን እያየች።

«አዎ» አለች። «ብሎኛል።»